ፍሪሲዮን የሌላት ሸቭሮሌና የመንዝ መንገድ

ነዳጅ ቀጂው ልጅ ቱቦውን ይዞ መኪናዬን ሁለት ጊዜ ዞራት። በግራ ፈለገ፣ በቀኝ ፈለገ፣ ታርጋዋ ሥር አጎንብሶ አየ። በመጨረሻ ወደ መስኮቴ መጣና «እናቴ፣ ይቺ ነገር በምንድን ነው የምትሄደው?» አለኝ። ወረድኩና የግራውን የኋላ መብራት እንደ መዝጊያ ገለጥ አደረግኩለት። የነዳጁ ክዳን ያለው ከመብራቱ ጀርባ ነው። ወረፋ የያዙት ባለባጃጆች ሳቁ። ልጁም እየሳቀ «ከሌባ ደብቀውት ነው?» ብሎ ሞላልኝ።

ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህች መኪና ያልጠየቀኝ ሰው የለም። «ከየት አገኘሻት? መለዋወጫስ ይገኝላታል? ዳገት ትወጣለች? በዚህ ዕድሜሽ ምን አስበሽ ነው?» አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚያስቡ አንባቢያን እንደሚኖሩም አውቃለሁ። ስለዚህ የገዛሁበትንም የነዳሁበትንም ታሪክ፣ ያጠፋሁትንም ሳልደብቅ ላጫውታችሁ።

ጉልበቴና እናቴ

ሰላሳ ሰባት ዓመት በነርስነት ስሠራ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ቆሜ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ስወጣ የግራ ጉልበቴም አብሮኝ ጡረታ ወጣ። በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ለስላሳ አካል አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋጭ ጀመር። ያኔ የነበረችኝ አሮጌ ማንዋል ኮሮላ ናት። ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሥራ መውጫ ሰዓት የነዳ ሰው ፍሪሲዮን ስንት ጊዜ እንደሚረገጥ ያውቃል። አንድ ቀን ትራፊክ መብራት ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ሞተሩ ጠፋ፤ ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ክላክስ አንጫጩብኝ። ቤት ገብቼ ቁልፉን ለልጄ ሰጠሁትና «ሽጣት» አልኩት።

እናቴ ግን መንዝ ናት፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለች መንደር። አውቶቡስ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አልቻልኩም። ሁለት ፋሲካ ሳላያት አለፈ። በስልክ «ደህና ነኝ፣ አትቸገሪ» ትለኛለች። የሰማንያ ስድስት ዓመት ሴት «አትቸገሪ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ልጅ የሆነ ሁሉ ይገባዋል።

ልጆቼ «አውቶማቲክ ቪትዝ ግዢ» አሉኝ። ምክራቸው ትክክል ነበር፤ ኪሴ ግን አልተስማማም። ዋጋው ካጠራቀምኩት ከእጥፍ በላይ ሆነብኝ። ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ነው አንድ ደላላ የደወለልኝ። «ሲስተር፣ የ56 ሞዴል ሸቭሮሌ አለች። አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው የያዛት። ፍሪሲዮን የላትም፣ ማርሹን ራሷ ትቀይራለች» አለኝ።

የየትኛው 56?

መኪናዋ ፒያሳ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማ ነበር። ነጭና ውሃ ሰማያዊ ናት። ርዝመቷ 5 ሜትር፤ የፊት ወንበሯ እንደ ሶፋ ከበር እስከ በር የተዘረጋ፤ የማርሽ ዘንጓ ከመሪው ሥር የወጣ። ባለቤቷ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ እናት ናቸው። እንደነገሩኝ፣ ባለቤታቸው መኪናዋን የገዙት አስመራ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጦር ሰፈር ይሠራ ከነበረ ወታደር ነው።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ መኪና የትልቅ ሰው ምልክት ነበር። ሸቭሮሌ፣ ፎርድ፣ ዶጅና ፕሊመዝ በአዲስ አበባና በአስመራ ጎዳናዎች ይታዩ ነበር። ዘመን ሲለወጥ ደግሞ ትልቅ መኪና ዓይን ውስጥ የሚያስገባ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን የእኔ ዘመን ሰው አይረሳውም። የነዳጅ ኩፖንም ተከተለ። ብዙ ቤንዚን የሚጠጡት ትልልቆቹ መኪኖች ግቢ ውስጥ ቀሩ፤ አንዳንዶቹም የዶሮ ማደሪያ ሆኑ። ይህቺ ግን ከዶሮ ተርፋለች። ባለቤትየው እስኪሞቱ ድረስ በሳምንት አንድ ቀን ያስነሷት ነበር።

እኔ የደላላውን «56» እንደ እኛ አቆጣጠር ወስጄው ነበር። በፈረንጅ 1964 መሆኑ ነው፤ «በጣም አላረጀችም» አልኩ። አብሮኝ የመጣው ሽማግሌ መካኒክ የሹፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ ያለችውን ትንሽ ሳህን በጨርቅ ወለወላት። የሻንሲው ቁጥር ውስጥ 56 ይነበባል። «እህቴ፣ ይቺ የፈረንጅ 56 ናት። በኛ 1948 ዓ.ም.» አለኝ። በአንድ አፍታ መኪናዋ ስምንት ዓመት አረጀችብኝ። ደላላው «ያው 56 አይደል?» አለ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ ነው፦ ሊብሬውን ተመልከቱ፣ ከሻንሲው ቁጥር ጋር አስተያዩ፣ ዓመተ ምሕረቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ይህን በመጠየቄ ከተባለው ዋጋ 30 ሺህ ብር አስቀንሼ በ170 ሺህ ገዛኋት።

ድስትና ማማሰያ

ለመሆኑ ያለ ፍሪሲዮን እንዴት ትሄዳለች? መካኒኩ ያስረዳኝን በወጥ ቤት ቋንቋ ልንገራችሁ። ድስት ውስጥ ያለውን ውሃ በማማሰያ ስታዞሩት፣ ላዩ ላይ የተንሳፈፈ ቅል ሳይነካ አብሮ ይዞራል። አውቶማቲክ ካምቢዮም እንዲሁ ነው። ሞተሩ በዘይት የተሞላ ዕቃ ውስጥ አንዱን ተሽከርካሪ ያዞራል፤ ዘይቱ ደግሞ ወደ ጎማ የሚሄደውን ሌላውን ተሽከርካሪ ያዞራል። መካከላቸው ያለ ሦስተኛ አካል የዘይቱን አቅጣጫ እየመለሰ፣ ሲነሱ ጉልበት ይጨምራል። ስትቆሙ ሞተሩ እየዞረ መኪናው ይቆማል፤ ዘይቱ ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩ አይጠፋም።

በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የዋለው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ነው። በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ የወጣ ሲሆን አራት ማርሽ ነበረው። ሸቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1950 ፓወርግላይድ የተባለውን አመጣ። ይህኛው ሁለት ወደፊት የሚሄዱ ማርሾች ብቻ ነው ያሉት፤ ግን አውቶማቲክን በዝቅተኛ ዋጋ መኪና ላይ አዋለው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፓወርግላይዶች ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ራሳቸው አይቀይሩም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ይቀይራሉ። የኔዋ ከዚያ በኋላ በመሠራቷ እድለኛ ነኝ።

ለቪትዝ ነጂዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዛሬ መኪና የማርሹ ቅደም ተከተል ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ ነው። በኔዋ ግን ፒ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኤል፣ አር ነው፤ የኋላ ማርሹ መጨረሻ ላይ፣ ከዝቅተኛው ማርሽ ጎን ተቀምጧል። በሁለተኛው ቀን ልጄ ሊያወጣልኝ ገብቶ፣ እንደለመደው ከፒ ቀጥሎ ያለውን «ወደኋላ» ብሎ ነዳጅ ሰጠ። ማርሹ ኤን ላይ ስለነበር ሞተሩ ጮኸ እንጂ አልሄደችም። ደንግጦ ዘንጉን ወደ ታች ሲስበው ዲ ገባለትና የጎረቤታችንን አጥር በፓራውልቷ ገፋችው። አጥሩን አሠራን፤ ፓራውልቷ ግን ምንም አልሆነም።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ግን በሽተኛ መመርመር አውቃለሁ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እንደ ደም ነው። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ መለኪያውን አውጥታችሁ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ቀይና ንጹሕ ከሆነ ደህና ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ውስጡ ታሟል። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል።

ቀጥሎ ፍሬን። የዚያ ዘመን መኪኖች አራቱም ጎማ ላይ ያላቸው ከበሮ መሰል ፍሬን ነው፤ አራቱንም የሚያዘው አንድ የዘይት መስመር ነው። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ከመንዳቴ በፊት ጎማዎቹን አሳድሼ፣ ቱቦዎቹን አስቀይሬ፣ የፍሬን ሸራውን በሙሉ አስለወጥኩ። የደኅንነት ቀበቶም አልነበራትም፤ ወንበሩን ከወለሉ ብረት ጋር አሳስሬ አስገጠምኩ። በሥራ ዘመኔ ከመስተዋት የወጡ ፊቶችን ሰፍቻለሁ፤ ቀበቶ የሌለው መኪና ውስጥ የሰው ልጅ አላስቀምጥም።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያና ተሸከርካሪ ኩሽኔታ ሶማሌ ተራ ተመሳሳይ ተፈልጎ ይገኛል። የተቀረውን አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ በሻንጣ ታመጣልኛለች። የእነዚህ ዓመታት ሸቭሮሌዎች እዚያ ብዙ ወዳጅ ስላላቸው ዕቃቸው እስካሁን እንደ አዲስ ይሠራል። እምብዛም ያልታወቀ መኪና ብገዛ ኖሮ ይህ ዕድል አይኖረኝም ነበር።

ከሸዋ ሜዳ ወደ መንዝ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ያልፋል፤ ጣርማበርና መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ባለ ካርበራተር ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ፋብሪካው 140 የፈረስ ጉልበት ብሎ የሰጣት ባለ ስድስት ሲሊንደሯ መኪናዬ አዲስ አበባ ላይ ከ110 ብዙም አትዘልም፤ መንዝ ስትደርስ ደግሞ ከ100 በታች ነች። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ካንዴላዎቿ ጥላሸት ይለብሳሉ።

ይህን ያወቅኩት ጣርማበር ጫፍ ላይ ነው። ሠንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን እንደ መርከብ አለፍን። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ከደብረ ብርሃን በኋላ ግን ማስነጠስ ጀመረች፤ ጣልያኖች የቆፈሩት ዋሻ ከመድረሱ በፊት ወደ ግራ ወደ መንዝ መታጠፊያው ላይ ጠፋች። አምስት ጎረምሶች መጥተው ገፉ። በማንዋል የለመዱ ናቸው፤ «ሁለተኛ አስገቢና ልቀቂ!» ይሉኛል። አውቶማቲክ ግን በሰው ግፊ አትነሳም። የኔዋ ዘመን ካምቢዮ ከኋላ በኩል ሁለተኛ የዘይት ፓምፕ ስላለው በሌላ መኪና ተገፍታ ፍጥነት ከያዘች ትነሳለች፤ ለዚያ ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ አለባት። ጎረምሶቹን አመስግኜ ኮፈኑን ከፈትኩ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጥተን በሽቦ ብሩሽ ጠረግናቸው፤ ነዳጅ እስኪተንላት ሃያ ደቂቃ ጠበቅን፤ ተነሳች። በመልሱ ደብረ ብርሃን ያለ መካኒክ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በጠበበ ለወጠልኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላስነጠሰችም።

የራዲያተሩ ክዳንም ደጋ ላይ የሚናቅ ነገር አይደለም። 3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በጀማሪነቴ የመስታወት ሲሪንጅ ቀቅለን በምንጠቀምበት ጊዜ፣ ደጋ ላይ ረዘም አድርገን እንድንቀቅል የሚያዙን ለዚህ ነበር። መኪናም እንደዚሁ ነው። ክዳኑ ግፊቱን ካልያዘ ውሃው ቶሎ ይፈላል።

መዘዞን አልፈን፣ በሞላሌ በኩል አድርገን መሐል ሜዳ ስንደርስ መሽቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ደጃፍ ቆምኩ። ባናዋን ተከናንባ ወጣች። መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አየቻትና «ልጄ፣ ሰው ጡረታ ሲወጣ በግ ይገዛል፤ አንቺ ዝሆን ገዛሽ?» አለች። ከዚያ አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች። ከሰዓት በኋላ ከፊት ወንበር ላይ በእኔና በወንድሜ መካከል አስቀምጠናት ቤተ ክርስቲያን ወሰድናት።

ጀማ ላይ የተማርኩት

ዳገት ያሳፍራል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው ቁልቁለት ነው።

በጥር 2012 ዓ.ም. ለዘመድ ሠርግ ወደ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ሄድን። ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እኔ ማርሹን ዲ ላይ እንዳለ ትቼ ፍሬን እየረገጥኩ ወረድኩ። በሁለት ማርሽ ካምቢዮ ዲ ላይ ሲወርዱ ሞተሩ መኪናዋን የሚይዝበት አቅም እምብዛም የለም፤ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ብረት ፍሬን ሸራው ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል። ግማሽ ስንደርስ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ መጣ። ፍሬኑን ስረግጠው ጠንከር አለብኝ፣ መኪናዋ ግን አልቀነሰችም። ወንድሜ ቆሎውን አቆመ።

ዘንጉን ወደ ኤል ሳብኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ እንደተያዘ በሬ ተገታች። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየያዝኩ ጥግ አስጠጋኋት። ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። አንድ እረኛ ልጅ ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ እንዳያፈስ ለመንኩት። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ይሰነጠቃል። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ከዚያ ከመነሳታችን በፊት ኤል አስገብቼ፣ ሳንቸኩል እስከ ድልድዩ ወረድን። ጥፋቱ የመኪናዋ ሳይሆን የእኔ ነበር። አውቶማቲክ ማርሽ ራሱ ይቀይራል እንጂ ከፊቱ ቁልቁለት እንዳለ አያይም። ቁልቁለት ሳይጀመር፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገቡ። በቪትዝም ቢሆን ይኸው ነው።

የኋላ ወንበር

ከሠርጉ በኋላ ወር ሳይሞላ ወንድሜ ሌሊት ደወለ። «እትዬ፣ እማዬ ወደቀች።» በማግስቱ ስደርስ መደብ ላይ ተኝታለች። ቀኝ እግሯ ከግራው አጥሯል፣ ወደ ውጭም ዞሯል። ማንም ሳይነግረኝ የዳሌዋ አጥንት መሰበሩን አወቅኩ። ለቀዶ ሕክምና ደብረ ብርሃን መድረስ አለባት። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት እናት ይዞ ርቆ ሄዷል፤ የተገኘው የጭነት አይሱዙ ነው። በዚያ ኮረኮንች በአይሱዙ መጓዝ ለተሰበረ ዳሌ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

በእግሮቿ መካከል ትራስ አድርጌ ሁለቱን አንድ ላይ በነጠላ አሰርኩ። አራት ሰዎች በባና አንስተው የኋላ ወንበር ላይ አጋደሟት። እናቴ አጭር ናት፤ ወንበሩ ሰፊ ነው፤ ልክክ አለች። የወንድሜ ሚስት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ያዘቻት።

መንዳቴን ተጠንቅቄ ነዳሁ። ማንዋል ቢሆን ዳገቱ ላይ በቀየርኩ ቁጥር መንቀል ነበረብኝ፤ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ፍሪሲዮኑ ይዘላል፤ እሷ ትጮኻለች። ይህቺ ግን የምትቀይረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በዘይት ውስጥ ነው። ከሞላሌ በኋላ ድምፅ ጠፋብኝና ደነገጥኩ። «እማዬ!» አልኩ። «አለሁ» አለች። «እየሄድን ነው ወይስ ቆመናል?»

በሦስተኛው ቀን ተቀደደች። ምርኩዝ ይዛ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖረች። አልጋ ላይ ሆና አይደለም፤ ጓሮዋ ወጥታ ገብሷን እያየች ነው።

ለሚያስቡበት

አሁን ነገሩ ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት በጣም አስወድዷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የላቸውም፤ እግሩን ለሚያመው ሰው መልካም ዜና ነው። በአገር ውስጥ ያለች አሮጌ መኪና ለመግዛት ግን ሦስት ነገር ይኑራችሁ፦ ለመግዣ ካወጣችሁት የግማሹን ያህል ለጥገና፣ ለጎረቤት የሚሆን ትዕግሥት፣ የሚያውቃት አንድ ሽማግሌ መካኒክ። የኔዋ በአንድ ሊትር ከ6 ኪሎ ሜትር አትበልጥም፤ ስለዚህ የየቀን ጉዳይ አልሮጥባትም።

እናቴ ካረፈች በኋላ መንዝ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሞተሩን አስነስቼ፣ ሲሞቅ የካምቢዮውን ዘይት በነጭ ጨርቅ አያለሁ። ልጄ የኋላ ወንበሩን ልብስ እንቀይረው ይለኛል። የባናው ጥቁር ጸጉር ተሰክቶበታል፤ እስካሁን አላስነካሁትም።